ለትንሿ መኪና የከበደ ስጦታ

ጌሲን ሰባ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ተሳቢ ጎትታ አታውቅም ነበር። መሪው የባሏ የላመርት ነው። እሷ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ መንገዱ ሲረዝም ሚንት ከረሜላ ልጣ አፉ ውስጥ ታደርግለታለች፤ ከባድ መኪና ሲያልፋቸው ደግሞ የበሩን እጀታ ጨብጣ ትንፋሿን ትይዛለች። «ሥራ ተከፋፍለናል» ትለን ነበር። «እሱ ይነዳል፣ እኔ እፈራለታለሁ።»

በየበጋው ከቦያችን ዳር ተነስተው ወደ ጀርመን፣ ወደ ሞዘል ወንዝ ይወርዳሉ። ከኋላቸው ነጩ ካራቫናቸው ይከተላል። በጎማ ላይ የቆመ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ጠረጴዛው ሁሉ ተቀምጠው እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ካራቫን የሌለው ሰው ቢኖር ምናልባት ፓስተሩ ነው፤ እሱም የወንድሙን ይዋሳል።

ጌሲን የተወለደችው ውሃ ላይ ነው። አባቷ የጭነት ጀልባ ነበረው፤ በመከር ወራት ከየገበሬው ድንች ሰብስቦ ወደ ስታርች ፋብሪካው ያመላልሳል። ስለዚህ ከፊደል በፊት የተማረችው ጭነት መደልደልን ነው። ኋላው የከበደ ጀልባ ዓይንህ ወዳየበት አይሄድም፣ ይላት ነበር አባቷ። ድንቹ በከባድ መኪና መጫን ሲጀምር ጀልባውን ሸጠና መሬት ላይ ቤት ሠራ። እሷም ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራውን ላመርትን አገባች። አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ኢነከን። ከዚያ ወዲህ ያለው የጌሲን ታሪክ በአብዛኛው የጎረቤት ታሪክ ነው።

እኛ ዘንድ ጎረቤትነት ግዴታ ነው። ሰው ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ጣራ ሲያፈስ፣ ማን ሳይጠራ መምጣት እንዳለበት የታወቀ ነው። ጌሲን ይህን ግዴታ ከማንም በላይ በዝምታ ትወጣው ነበር። አባቴ በሞተ ሳምንት እናቴ ከወንበሯ መነሳት አቅቷት ነበር። ጌሲን በጓሮ በር ገባች። አላጽናናችንም፣ ስለ ሰማይ ቤትም አላወራችም። ዕቃውን አጠበች፣ ድንች ላጠች፣ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። ስለ ኀዘን የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ከዚያ ከማጠቢያው ይመጣ ከነበረው የውሃ ድምፅ የተሻለ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ላመርትን ስትሮክ የመታው በብርዱ ወራት ነው። ቀኝ እጁንና አብዛኞቹን ቃላቱን ወሰደበት። የተረፉት ጥቂት ቃላት እንደ ፈለጉ ይመጣሉ፣ እንደ ፈለጉ ይሄዳሉ። «አይሆንም» ሊል ፈልጎ «ማክሰኞ» ይላል፣ ከዚያ ራሱ ይስቃል። ትልቁ መኪናቸው ለእሱ መውጫውና መውረጃው አስቸገረና ተሸጠ። ኢነከ በምትኩ ዝቅ ያለች ትንሽ መኪና መረጠችላቸው። ሐኪም ቤት ለመመላለስ የምትመች ደግ መኪና ናት። ተሳቢ ይጎተትባታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሕመሙ ሌላም ነገር ወስዶበታል። በኢነከ ልደት ቀን ምግብ ቤት ወሰዱትና ሾርባው ከግራ እጁ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። በዙሪያው ያሉት ሰዎች በጨዋነት ፊታቸውን አዞሩ። ከሾርባው ይልቅ ያ መዞር ነው ያቃጠለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚስቱ በቀር ሰው ባለበት አይበላም። እኛ ልንጠይቀው ስንገባ እንኳ ፊቱ ያለውን ብስኩት በቀስታ ወደ ጎን ይገፋዋል።

ካራቫኑ ብርዱን የሚያሳልፈው ኤግበርት መጋዘን ውስጥ ነው። ኤግበርት ከጌሲን ቤት ቀጥሎ ያለው የድንች ገበሬ ነው። ድንቹ ወደ ፋብሪካ ከሄደ በኋላ ባዶውን መጋዘን ለሰፈሩ ካራቫኖች ይለቃል፤ በየፀደዩ ሁላችንም ካራቫኖቻችንን አፈር አፈር እየሸተቱ እናወጣለን። አንድ እሑድ ጌሲን ላመርትን ደግፋ እዚያ ወሰደችውና ካራቫኑ ውስጥ፣ በቦታው አስቀመጠችው። እሱም ሳያይ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ኩባያውን አወጣ። ያ እጅ የማይሰናከልበት ቦታ ከተገኘ ወራት አልፈው ነበር። ደረቅ ዳቦ ሰጠችው፣ ሌላም ጨመረችለት፤ ሁሉንም በላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወስና ነበር። ሐኪሙን ስትጠይቀው «ከሄዳችሁ ዘንድሮ ሂዱ» አላት። ስለሚቀጥለው ዓመት ምንም አላለም።

«እማዬ፣ ሆቴል ልያዝላችሁ» አለች ኢነከ። «አሳንሰር ያለው፣ ከመስኮቱ ወንዙ የሚታይ።»

«ሆቴል ውስጥ ቁርሱን የት ይበላል?»

«ክፍሉ ድረስ ያመጡለታል።»

«አልጋ ላይ መብላቱንማ እዚህም አላጣውም።»

«አንቺ ተሳቢ ነድተሽ አታውቂም። መኪናዋ ደግሞ የእኔን ጫማ ነው የምታክለው።»

«አባትሽም ሲጀምር ነድቶ አያውቅም ነበር። ከእናቱ ሆድ መሪ ይዞ የወጣ መሰለሽ?»

ኢነከ የእናቷ ልጅ ናትና በጩኸት እንደማይሆን ታውቃለች። «እሺ» አለች። «በኤግበርት ሚዛን እናስመዝነው። መኪናዋ ትችለዋለች ካለ አፌን እዘጋለሁ። አትችልም ካለ ሆቴል ትገባላችሁ።»

«ተስማማን» አለች ጌሲን። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

የኤግበርት ሚዛን ግቢው መሐል መሬት ላይ የተዘረጋ ሰፊ ብረት ነው። ድንች የጫነ ተሳቢ ሁሉ ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት እዚያ ላይ ይቆማል። ጌሲን የሄደችው ተማምና ነበር። የመኪናዋ ሊብሬ አንድ ሺህ ኪሎ ድረስ ትጎትታለች ይላል፤ የካራቫኑ ሊብሬ ደግሞ ከዚያ በደንብ የሚያንስ ክብደት ተጽፎበታል። ኤግበርት ካራቫኑን በትራክተር ስቦ ብረቱ ላይ አቆመው። ቁጥሩ ሲወጣ ከሺው በመቶ ሠላሳ በልጦ ተገኘ፣ ያውም ልብስ ሳይጫን።

«ሚዛንህ ታሟል» አለች ጌሲን።

«ሚዛኔ ጤነኛ ነው። ሊብሬው የሚያወራው ካራቫኑ ከፋብሪካ በወጣ ጊዜ ስለነበረው ክብደት ነው። አንቺስ በሠርግሽ ቀን እንዲህ ነበርሽ?»

«የአንተ የሠርግ ሱሪ ዛሬ እጅጌ ይሆንሃል።»

«እሱን ተይው። ጎታች ከተጎታች ካነሰ መንገዱን የሚመራው የኋላው ነው። እንዲህማ አትሄጂም።»

ክብደቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ላመርት ራሱ ነው ያከበደው። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ መጋዘኑ ውስጥ መብራት አብርቶ ቤቱን ያሳምር ነበር። የኮምፔንሳቶ በሮቹን አውጥቶ የደህና እንጨት በር ገጠመ። ወለሉ ላይ ሌላ ወለል ደረበ። በምድጃው ዙሪያ ሴራሚክ ለጠፈ። እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ነው፤ ትልቁ መኪና ደግሞ የጫኑባትን ሁሉ ሳታጉረመርም ትስብ ስለነበር አንድም ሰው መዝኖት አያውቅም።

ስለዚህ፣ ኢነከ ከተራገፈ በኋላ ሚዛኑ እንዲደገም ፈቅዳ፣ በማግስቱ ማራገፍ ተጀመረ። ላመርትን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጥነውና ጌሲን አንድ አንዱን እያወጣች ታሳየዋለች። ከባዱ የሸራ ድንኳን ወጣ፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ይቅር። ሁለተኛው የጋዝ ሲሊንደር ይቅር። የብረት መጥበሻው ይቅር። የመፍቻ ሳጥኑ ሲወጣ «ማክሰኞ» አለ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

«ላመርት፣ ጎማ ቢፈነዳ ማን ሊፈታው ነው? አንተ?» አለ ኤግበርት።

«ማክሰኞ» አለ ደግሞ። ከዚያ ሣቀ፣ ግራ እጁንም አወዛወዘ። ሳጥኑ ቀረ።

በሮቹ ከበዱን። ላመርት ምንም አይጥልምና አሮጌዎቹ የኮምፔንሳቶ በሮች ቤታቸው ጣራ ሥር ተደርድረው ተገኙ፤ ችግሩ ያ አልነበረም። ጌሲን የመጀመሪያውን የእንጨት በር ተሸክማ ስታመጣው አላሳየችውም፣ ጉልበቱ ላይ አስደገፈችው። በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፣ ጠርዙን፣ ማጠፊያውን። ኤግበርት ወደ ትራክተሩ ዞሮ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ። በመጨረሻ ላመርት «እሺ እንግዲህ» አለ። ያን ዕለት በትክክል የወጣለት ቃል እሱ ብቻ ነበር። ለካ ሰው በእጁ የሠራውን ነገር መልሶ ማውለቅም ፍቅር ይጠይቃል።

ሚዛኑ ከሺው በታች ወረደ፤ ለልብስና ለትንሽ ስንቅ የሚሆንም ተረፈ። ቀጥሎ ድልደላው ነበር፤ ጌሲን ማንንም አላስገባችም። ከባዱን ነገር መሐል ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቀላል ቀላሉን ወደ ላይ ሰቀለች። ኤግበርት ካራቫኑ መኪናዋን የሚይዝበትን አፍንጫ ክብደት ሊለካ የሰው ሚዛን ከቤት አምጥቶ መሬት ላይ አኖረና በእንጨት አስደገፈው። አፍንጫው በጣም ከቀለለ ጅራቱ ይወዛወዛል፤ በጣም ከከበደ ደግሞ የመኪናዋን ኋላ ተጭኖ መሪውን ያቀለዋል።

«ያ እኔ የምመዘንበት ነው» አለች ሚስቱ ትሪንትየ ከበሩ ላይ። «ብትሰብሩት ወዮላችሁ።»

«ካንቺ የተረፈ ሚዛን በካራቫን አይሰበርም» አለ ኤግበርት።

«ዛሬ እራትህን ከትራክተርህ ጋር ትበላለህ።»

አፍንጫው ልክ ሆኖ ተገኘ። በቀሩት ቀናት ጌሲን ከኤግበርት ጋር ቦዩን ተከትላ ተለማመደች። ወደ ኋላ ስትነዳ ካራቫኑን የትሪንትየ አበባ ላይ አወጣችው፤ እንደገና ስትሞክር ያንኑ አበባ ከሌላ አቅጣጫ አገኘችው።

«ቢወዛወዝብሽ ፍሬን አትርገጪ» ይላታል ኤግበርት ከጎኗ። «ከመሪውም ጋር አትታገዪ። ቀጥ አድርገሽ ያዢውና ነዳጁን ልቀቂ።»

«ጀልባም እንዲሁ ነው። አንተ የምትለውን አባቴ ሳትወለድ ብሎታል።»

«እንግዲያው አባትሽ ይውረዱና ያለማምዱሽ፣ እኔ ሥራ አለብኝ።» እንዲህ ይበል እንጂ አልወረደም።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። ኢነከ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ በራሷ መኪና ልትከተላቸው ማልዳ መጣች። ሰፈሩም መጣ። ጌሲን ቤት ውስጥ ላመርትን እያለበሰች ሳለ ካራቫኑ ደጅ ላይ ተያይዞ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ቆሟል።

እኛ ዘንድ ስጦታ በእጅ አይሰጥም። በእጅ የሚሰጥ ሰው ምስጋና ፈላጊ ነው ይባላል። ሰው ሳያይህ ታስቀምጣለህ፣ ትሄዳለህ። የካራቫኑ በር ደግሞ ከኋላ በኩል ነው። ስለዚህ አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ ሁሉም የያዘውን በሩ አጠገብ ባለው መቀመጫ ሥር አኖረ። እናቴ የፖም ማርማላታ በጠርሙስ፣ ፓስተሩ ቀይ ሥር በኮምጣጤ፣ ትሪንትየ ከራሳቸው እርሻ አንድ ጆንያ ድንች፤ ጀርመን አገር ድንች የማይበቅል ይመስል። አንዱ ሙሉ ክብ ፎርማጆ አመጣ። ኤግበርት ራሱ፣ ሚዛኑን ያነበበው ኤግበርት፣ ከኮቱ ሥር የደረቀ ቋሊማ በጥቅል አውጥቶ ሲያስገባ አይቼዋለሁ። ሁሉም የሚያስበው ስለ ራሱ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር። ሁሉም ደግሞ የሚከፍለው ውለታ ነበረው፤ ጌሲን የማንን ቤት ዕቃ ያላጠበች አለ?

ጌሲን ወጣች፣ ላመርትን አስገባች፣ መያዣውን አየች፣ መብራቶቹን ፈተነች፣ የካራቫኑን በር ቆለፈች። ወደ ውስጥ አላየችም፤ ትናንት በእጇ የደለደለችውን ምን ብላ ታየዋለች? እጃችንን አውለበለብን።

የሆነውን ኢነከ ነው በኋላ የነገረችን። በቦዩ መንገድ ላይ ችግር አልነበረም። ወደ ትልቁ መንገድ ወጥተው ፍጥነት ሲጨምሩ አንድ ከባድ መኪና አለፋቸው፣ የእሱም ነፋስ ካራቫኑን በጎኑ ነካው። ጅራቱ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ቀጥሎ ከበፊቱ ሰፋ አድርጎ ወደ ግራ። ኢነከ መሪዋን ጨምድዳ «እማዬ፣ እማዬ» ከማለት በቀር የምታደርገው አልነበራትም። የፍሬን መብራት አላየችም። ትንሿ መኪና ቀጥ እንዳለች ፍጥነቷ እየቀነሰ፣ ካራቫኑም እየተረጋጋ፣ መንገድ ዳር ቆሙ።

ኢነከ ሮጣ ስትደርስ ጌሲን ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ነበር። «ኋላው ከብዷል» አለች። «እኔ እንዲህ አልጫንኩም።»

ተመልሰው መጡ። እኛ ገና ከደጅ አልገባንም ነበርና ካራቫኑ ኤግበርት ግቢ ሲገባና ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ተከትለን ሄድን። ተፈትቶ ብቻውን ተመዘነ። ከሺው ሰባ ኪሎ በልጧል። ጌሲን የኋላውን በር ከፈተች። አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ተንከባሎ ወረደና ሣሩ ላይ አረፈ።

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

«ቋሊማ ምን ይመዝናል ብዬ ነው» አለ ኤግበርት።

«እማዬ» አለች ኢነከ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሚዛኑ አትችልም ካለ ብለን ነበር። እጅ ተጨባብጠናል።»

«አልረሳሁም።»

ጌሲን የካራቫኑ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ያን ያህል ደክሟት አይቻት አላውቅም። ዕቃውን ማውጣት ቀላል ነው፤ ግን የጎረቤትን ስጦታ ባለቤቱ ፊት አውጥቶ መመለስ በእኛ ዘንድ በር እንደ መዝጋት ነው። ካልመለሰች ደግሞ ላመርትን በዚያ መንገድ ላይ ይዛው አትሄድም። ሆቴሉ ከኢነከ ከንፈር ላይ ደርሷል።

«ድንቼን ልትመልሽልኝ ነው?» አለች ትሪንትየ። እንደ ቀልድ ነበር የጀመረችው፣ ሲያልቅ ግን ቀልድ አልመሰለም።

«ትሪንትየ፣ ጎረቤት፣ አንቺ ይህን ድንች በጋሪ ብታመጪልኝ ራሴ በገፋሁት። መኪናዋ ናት የማትችለው። አንድ በአንድ ብትመጡ ሁላችሁንም እችል ነበር። በአንዴ መጣችሁብኝ።»

በዚህ መሐል ላመርት የመኪናዋን በር በግራ እጁ ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቷል። የሆነ ነገር ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሁላችንም «ማክሰኞ» ይመጣል ብለን ጠበቅን።

«እንብላ» አለ።

«ምን አለ?» አለች ኢነከ።

«እንብላው» አለ ላመርት፣ ካራቫኑን በአገጩ እያሳየ። «እዚህ።»

መጀመሪያ የሣቀው ኤግበርት ነው። ከዚያ ትሪንትየ ጆንያዋን ከካራቫኑ ውስጥ ጎትታ አወጣችና ወደ ወጥ ቤቷ አመራች። ሌላው ሁሉ የየራሱን አነሳ። ይህ መመለስ አልነበረም፤ ማቅረብ ነበር። ከመጋዘኑ ሳንቃ ወጥቶ በርሜል ላይ ተጋደመ፤ ጠረጴዛ ሆነ። ድንቹ ተቀቀለ፣ ቋሊማው ተቆረጠ፣ ፎርማጆው ተከፈለ፣ ጠርሙሶቹ ተከፈቱ። ፓስተሩ የራሱን ቀይ ሥር ቀምሶ ኮምጣጤው በዝቷል አለ፤ ሁሉም ተስማማበት።

ላመርትን በጠረጴዛው ራስጌ አስቀመጥነው። ጌሲን ድንቹን ጨፍልቃ ማርማላታ ጨመረችበትና ሳህኑን ፊቱ አኖረች፣ ማንኪያውንም አጠገቡ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ማውራት ጀመረች፤ ወደ እሱ ግን ጆሮዋን እንደጣለች አውቃለሁ። እሱ ማንኪያውን በግራ እጁ አነሳ። የመጀመሪያው ግማሹ አፉ ገባ፣ ግማሹ ደረቱ ላይ ቀረ። ፊታችንን አላዞርንም፣ አላፈጠጥንበትምም። ኤግበርት ከጎኑ ተቀምጦ ስለ ዝናብ ያማርራል፤ ላመርትም እየበላ ይሰማዋል። ኢነከ ከጠረጴዛው ተነስታ የካራቫኑን መያዣ ልፈትሽ ነው ብላ ሄደች። እዚያ ብዙ ቆየች። መያዣው የሚፈተሽ ነገር አልነበረውም።

እስከ ከሰዓት በኋላ በላን። ያልተበላው ጌሲን ቤት ምድር ቤት ገባ፣ ሲመለሱ ይጠብቃቸዋል ተብሎ። ጌሲን መቀመጫው ሥር ገብታ እያንዳንዱን ጥግ በእጇ ዳሰሰች፤ ካራቫኑም እንደገና ተመዘነ።

«ልክ ነው» አለ ኤግበርት ቁጥሩን እያየ። «አሁን ሁሉም እኛ ሆድ ውስጥ ነው። የላመርት ድርሻ ግን መኪናዋ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።»

«እሱን እኔ እጎትተዋለሁ» አለች ጌሲን።

ኢነከ አፌን እዘጋለሁ ብላ ነበር፣ ዘጋችም።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ እንደገና ደጅ ወጣ፣ በዚህ ጊዜ ባዶ እጁን። ባዶ እጃችንን መምጣት አልለመድንምና እጃችንን የት እንደምናደርገው ጠፋብን። አንዱ ኪሱ ከተተ፣ አንዱ ከጀርባው አጣመረ። እናቴ መጎናጸፊያዋን ይዛ ቆመች። ጌሲን አየችንና ገባት መሰለኝ፣ ወደ እያንዳንዳችን ቀርባ እጃችንን ጨበጠች። ያ ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆና እጇን ስጨብጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሻካራና ሞቅ ያለ ነው። አባቴ በሞተ ሳምንት ስላደረገችው ላመሰግናት ሁልጊዜ ቃል ስፈልግ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜም አላገኘሁም፤ እሷ ግን እጄን ለመልቀቅ አልቸኮለችም።

ኢነከ እስከ አውራ ጎዳናው ተከተለቻቸው። ከባድ መኪኖች አልፈዋቸዋል፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ካራቫኑ ግን በመኪናዋ ኋላ የተሰመረ መስመር ይመስል ነበር አለችን። መገንጠያው ላይ ስትደርስ መብራት ብልጭ አድርጋላቸው ተመለሰች።

ጌሲን መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድራ ደረሰች። ስልኩ የደወለው ኢነከ እኛ ቤት ሳለች ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ እናቴና እኔ እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል። ጎረቤቶቻችን ጀርመኖች ናቸው፣ ካራቫኑን ቦታው ላይ በእጃቸው ገፍተው አስገቡልኝ። በሁለት ቋንቋ አመሰገንኳቸው፣ በሁለቱም ተሳሳትኩ።»

«አባባስ?»

«ወንዙ ዳር ወንበሩ ላይ ነው።»

«ምግብ በላ?»

«አሁን ሾርባውን እየጠጣ ነው።»

«እዚያ? ውጪ?» አለች ኢነከ። «ሰው የለም እንዴ?»

«መንገዱ እኮ በፊቱ ነው የሚያልፈው፤ ሰው ሲመጣ ሲሄድ ነው የዋለው። ውስጥ ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል፣ ግባ አልኩት» አለች ጌሲን። «አልገባም አለኝ።»